ግቢ ከመዘጋቱ በፊት መጻፍ ያለበት ወረቀት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ሲገኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ከግቢ እንዳይወጡ ተነገራቸው፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ደግሞ ወደየቤተሰባቸው እንዲሄዱ ተወሰነ። ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በመካከል የጎደለው ግን ማን ይቀራል፣ ማን ይሸኛል፣ በስንት ቀን፣ በማን ወጪ፣ የቀረውን ንብረት ማን ይረከባል የሚለውን አስቀድሞ የሚመልስ፣ ተማሪውም መምህሩም በእጁ የያዘው ወረቀት ነው። በድሬዳዋና በሐረር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ወረቀት ማንም ሳይታመም፣ ዛሬ እንዲጽፉት ለመጠየቅ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

የእኛ አካባቢ ጉዳይ ከሌላው ይለያል። በ2011 ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን አዳርሶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አተኮሰ፣ መገጣጠሚያውንም ያዘ። በማግስቱ ዓመት ኮቪድ መጣ። ከዚያ በ2014 ወባ በበጋ ፈነዳ፤ በፈረንጆቹ 2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ 2,425 ታማሚ ሲመዘገብ፣ በ2019 ተመሳሳይ ወራት የነበረው 205 ብቻ ነው። ይህን ወባ ተከትሎ በተደረገው ጥናት የተማሪዎች መኝታ ሕንፃዎች ከዋናዎቹ የጥናት ቦታዎች መካከል ነበሩ። አስተላላፊዋም አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ የምትባለው፣ ረግረግ ሳትጠብቅ በበርሜልና በውኃ ታንከር የምትራባው ትንኝ ሆና ተገኘች። ስለዚህ እዚህ የሚጻፍ ዕቅድ በትንፋሽ የሚተላለፈውንም በትንኝ የሚተላለፈውንም በአንድ ላይ ማሰብ አለበት። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይጣላሉና።

የሚጣሉት መስኮቱ ላይ ነው። በአንድ ዶርም ስድስት ወይም ስምንት ተማሪ በተደራራቢ አልጋ ሲተኛ፣ ለትንፋሽ በሽታ ዋናው መድኃኒት አየር ነው፤ መስኮቱም ከበላዩ ያለው ማናፈሻም ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይሁን እንላለን። በድሬዳዋ ሙቀት ተማሪው ሳይነገረውም ይከፍተዋል። ወንፊት የሌለው መስኮት ሲከፈት ግን ትንኟ ትገባለች። መፍትሔው መዝጋት አይደለም፤ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወይም የናይለን ወንፊት በእንጨት ፍሬም ተወጥሮ፣ ከውስጥ በኩል በብሎን ይታሰር። በምስማር የተመታ ወንፊት ለመጥረግ ሲፈለግ ይቀደዳል፤ አቧራው ካልተጠረገ ደግሞ አየር አያሳልፍም። አልጋዎቹን በተመለከተ፣ አንዱ ተማሪ ራስጌውን በግራ፣ ጎረቤቱ በቀኝ አድርጎ ቢተኛ ያለ ምንም ወጪ በሁለት አፍንጫ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይገኛል። ተደራራቢ አልጋ ላይ አጎበር ለመስቀል ለላይኛው ከጣሪያ፣ ለታችኛው ከላይኛው አልጋ ብረት አራት አራት ማያያዣ ያስፈልጋል። አጎበር ታድሎ ማያያዣ ሲቀር አጎበሩ ተጠቅልሎ ሎከር ውስጥ ይቀመጣል። ቺኩንጉንያንና ደንጊ የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ትንኝ ግን በቀን ስለምትናከስ አጎበር ብቻውን አይበቃም።

ውኃው ላይ ደግሞ እንምጣ፤ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና። አንድ ተማሪ በቀን 10 ጊዜ እጁን ቢታጠብና በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ቢጠቀም 5 ሊትር ነው። 400 ተማሪ ያለበት ብሎክ ለእጅ ብቻ በቀን 2,000 ሊትር ይፈልጋል፤ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሦስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ ሦስት ሮቶ። ይህ ስሌት ሳይሠራ ወረርሽኝ ሲመጣ በየደጁ በርሜል ይደረደራል፣ ክዳኑ ወይ ይጠፋል ወይ ለመቅዳት ሲባል ገርበብ ብሎ ይተዋል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከ መብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል። እጅ ለማስታጠብ የተገዛው በርሜል በሁለተኛው ሳምንት የትንኝ ማሳደጊያ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ በርሜሉ ከታች ቧንቧ ይኑረው፤ ክዳኑ ለመቅዳት ፈጽሞ አይነሳ። በ7 ቀን አንዴ ይደፋ፣ ግድግዳውም በብሩሽ ይፈተግ። መድፋት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የኤደስ እንቁላል በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ሊደፋ የማይችል የግንባታ ጉድጓድ ወይም የተከማቸ ውኃ ካለ፣ የትንኝ እጭ የሚገድለው «አቤት» (ቴሜፎስ) የተባለው መድኃኒት ባለ 1 በመቶ ቅንጣት ለ200 ሊትር 20 ግራም ነው መጠኑ። አሮጌ ጎማ፣ የተበላሸ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ፣ ግቢ ውስጥ የቆመ ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ጣሪያ ሁሉ ይቆጠር። ቆጠራውን ለአካባቢ ጤና ወይም ለባዮሎጂ ተማሪዎች የተግባር ትምህርት ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ብሎክ ለሁለት ተማሪ ከሰዓት በኋላውን አይፈጅም።

በረኪናም በመጠን ነው። ባለ 5 በመቶ በረኪና ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛና ለአልጋ ብረት 400 ሚሊ ሊትር ተለክቶ 20 ሊትር ጀሪካን እስኪሞላ ውኃ ይጨመርበታል። ትውከት ወይም ደም ላለበት ቦታ ለዚያው 20 ሊትር 2 ሊትር በረኪና ያስፈልጋል። በሳሙና ሳይታጠብ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ቆሻሻው ይበላዋል። ከአሲድ ጋር ከተደባለቀ የሚተነፍሰውን ሰው የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ለፅዳት ሠራተኛዋ ይህ ሳይነገራት ሽንት ቤቱን «በደንብ እንዲጸዳ» ሁለቱንም አንድ ላይ ስታፈስ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ድብልቁ በየቀኑ ጠዋት ይዘጋጅ፤ የፀሐይ ሙቀት ያየ በረኪና እየደከመ ይሄዳል።

በበሩ ላይ ስለሚደረገው የሙቀት ልኬትም አንድ ነገር ልበል። ግንባር የሚለካው መሣሪያ ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ወይም ተማሪው ከቀትር ፀሐይ ገና መምጣቱ ከሆነ፣ ጤነኛውን 38 ዲግሪ ብሎ ያስቆመዋል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ይህ የየዕለት ነገር ነው። ሁለት ቀን እንዲህ የሆነበት የጥበቃ ሠራተኛ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያለበትንም «ፀሐይ ነው» ብሎ ያሳልፋል። ከበሩ አጠገብ ዳስ ይሠራ፤ ተማሪው 15 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ላቡን ይጥረግ፣ መሣሪያውም እዚያው ጥላ ውስጥ ይዋል፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይለካ። ማስክም እንዲሁ ነው፤ በላብ የራሰ ማስክ አየር ስለማያሳልፍ ተማሪው ወደ አገጩ ያወርደዋል። ለድሬዳዋ ተማሪ በቀን ሁለት ማስክ ታስቦ በጀት መያዝ አለበት።

በትኩሳት ጊዜ ክሊኒኩ ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ይህ ነው። በድሬዳዋው ወባ አንዳንዱ ተውሳክ ፈጣን መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን ስለማያመርት ውጤቱ ነጋቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ማይክሮስኮፕና ደም የሚያነብ ባለሙያ ማታም ይኑር። ደንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይሰጥ፤ መድማት ያባብሳሉ።

ተማሪ ትኩሳቱን ለምን ይደብቃል? ከቸልተኝነት ይልቅ ፈተናውን በመፍራት ነው። ሜካፕ (ማካካሻ) ፈተና ለማግኘት የሐኪም ወረቀት፣ የዲፓርትመንት ፊርማና የመምህሩ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ነገ ፈተና ያለው ተማሪ ሁለት ፓራሲታሞል ውጦ 60 ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ትኩሳት ያለው ተማሪ ከክሊኒክ መዝገብ በቀር ሌላ ወረቀት ሳይጠየቅ ሜካፕ እንደሚፈተን በሴኔት ተወስኖ መነገር አለበት። ለብቻ የሚቆይበት ክፍልም የራሱ ሽንት ቤት፣ ምግብ የሚያመጣለት ሰውና የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ይኑረው። እስር ቤት የመሰለ ክፍል ካዩ የሚቀጥሉት አይመጡም።

ስለ ካፌ ብዙ ጊዜ «ተራርቀው ይብሉ» ተብሎ ይታለፋል። ይሰላ እስቲ። 3,000 ተመጋቢ አለ፤ አዳራሹ 600 ሰው ይይዛል እንበል። በግማሽ ሲሆን 300። አሥር ዙር መሆኑ ነው። ለመብላት 20 ደቂቃ፣ ጠረጴዛ ለመጥረግ 5 ደቂቃ ሲባል 250 ደቂቃ፤ ከ5፡30 የጀመረ ምሳ 9፡40 ላይ ያልቃል። ሦስቱን ማዕድ ስንደምር የወጥ ቤት ሠራተኞች ለማስተናገድ ብቻ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ይቆማሉ፤ ማብሰሉና ማጠቡ ሳይቆጠር። አይሆንም። ተማሪው በራሱ ሰሃን ወስዶ ከዶርሙ ደጅ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር ቢበላ፣ ሚል ካርዱም በብሎክ ተራ ቢታይ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። ለዚህ አንድ ክዳን ያለው ሰሃንና ሰሃን ማጠቢያ ቧንቧ በየብሎኩ ይበቃል።

ተማሪ ይሸኝ ከተባለ ደግሞ ክሊራንስ፣ ማለትም ከየቢሮው ፊርማ እየሰበሰቡ መልቀቂያ ማውጣት፣ ይቅር። በሽታ እንዳይዛመት ተብሎ ግቢ ሲዘጋ፣ ሺህ ተማሪ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለፕሮክተርና ለሬጅስትራር ፊርማ በአንድ ኮሪደር መጋፋቱ ዓላማውን ያፈርሰዋል። ክፍሉ በፕሮክተሩና በሁለት ተማሪዎች ፊት ይቆለፍ፤ የሚቀረው ዕቃ በማዳበሪያ ታስሮ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ብሎክና ክፍል ይጻፍበት፤ ዝርዝሩ በሁለት ኮፒ ይያዝ። ግቢው በኋላ ለይቶ ማቆያ ሊሆን እንደሚችል ይታሰብ፤ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከጅቡቲ ለተመለሱ ወገኖቻችን ማቆያ ሆኖ አገልግሏል። ዝርዝር ከሌለ የመመረቂያ ጥናት መረጃና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ከፍራሽ ጋር ተጭኖ ይጠፋል። ከማቆያ በኋላ ልብስ ብቻ የለበሰ ስፖንጅ ፍራሽ በበረኪና ሊጸዳ አይችልም፤ ገና ከመጀመሪያው በላስቲክ ሽፋን መልበስ ነበረበት።

መንገዱም አለ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለጋምቤላ ወይም ለአርባ ምንጭ ተማሪ ያ ገና የጉዞው እኩሌታ ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያድራል። የት ያድራል? መናኸሪያ አካባቢ አልጋ የሚይዝበት ገንዘብ የሌለው ተማሪ የሚያድረው በተፋፈገ ቦታ ነው፤ በሽታውን የሚወስደውም ከዚያ ወደ እናቱ ቤት ነው። አውቶቡሶች በክልል ተከፋፍለው በሦስት ቀን ይነሱ፤ ማረፊያውም በመንገድ ላይ ባለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሁን። መንገዱ የተዘጋበት፣ ቤተሰብ የሌለው፣ ስደተኛ የሆነ፣ ማየት የተሳነውና ያለ ረዳት መንቀሳቀስ የማይችል ተማሪ ያለ ጥያቄ ግቢ የመቅረት መብት ይኑረው፤ ምግቡም እንደወትሮው ይቀጥል።

በኢንተርኔት ይማሩ ሲባልም መዘንጋት የሌለበት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ነው። ለሞጁሉ ወረቀትና ፍላሽ፣ ለማብራሪያው አጫጭር የድምፅ ቅጂ ይሻላል፤ 10 ደቂቃ ድምፅ በአነስተኛ ጥራት 5 ሜጋባይት አይሞላም፣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ግን ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይበላል።

መምህሩን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ማንም ግን አይሠራውም። ሦስት ኮርስ፣ በሳምንት ሦስት ሦስት ሰዓት፣ 9 ሰዓት ነው። የሴሚስተሩ 16 ሳምንት ወደ 8 ሲጨመቅ 18 ይሆናል። ለርቀት ሲባል ክፍሉ ለሁለት ሲከፈል 36። እርማት፣ ማማከርና ሜካፕ ፈተናው ገና ነው። ሁለቱን እርምጃዎች በአንድ መምህር ላይ አንድ ላይ መጫን አይቻልም፤ ወይ ሴሚስተሩ ይርዘም፣ ወይ ተጨማሪው ሰዓት ይከፈልበት። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት መምህር ደግሞ ሕመሙን ለዲኑ ዘርዝሮ ሳይለምን ከክሊኒኩ በሚሰጥ ወረቀት ብቻ ከክፍል ውጭ ወዳለ ሥራ ይዛወር።

ሐረር ላይ በሕይወት ፋና ሆስፒታል ያሉት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች (ተለማማጅና ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች) ተማሪም ሠራተኛም ናቸው፤ ሌላው ሲሸኝ እነርሱ ይቀራሉ። ዶርማቸው ከሌሎች ተማሪዎች ይለይ፤ ማስክና ጓንታቸው ከቋሚ ሐኪሞቹ እኩል ይቆጠር፤ ሥራ ላይ ሳሉ ቢታመሙ የቀረው ቀን ከሮቴሽን (በየክፍሉ ከሚዞሩበት የተግባር ጊዜ) መቅረት ተብሎ አይጻፍባቸው። በኤጀንሲ የገቡት የፅዳትና የወጥ ቤት ሠራተኞችም በውሉ ላይ «በወረርሽኝ ምክንያት ግቢ ቢዘጋ ክፍያው ይቀጥላል» የሚል አንቀጽ ይግባላቸው። ያ አንቀጽ ውሉ ሲታደስ ካልገባ በሽታው ከመጣ በኋላ የሚያስገባው የለም።

ይህ ሁሉ ተጨምቆ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ አንድ ገጽ ላይ ይጻፍ። ሲመዘገቡ ከዶርም ቁልፍ ጋር ይሰጥ፤ በየክፍሉ በር ጀርባም ይለጠፍ፣ የክሊኒኩና የፕሮክተሩ ስልክ ከታች ተጽፎበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአካባቢ ጤና መምህር
ድሬዳዋ