ሲምባሉ የጠፋው ከሸክላው አይደለም

ውድ አባዬ፣

እንደ ድሮ ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ለጤናዬ በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር አልኩና ሳቄ መጣ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። እውነቱን ልንገርህ፦ በስልክ ሳትሰማኝ ስትቀር ትደብቀኛለህ። «እሺ፣ እሺ» ትልና ያልጠየቅኩህን ትመልስልኛለህ። ወረቀት ግን ተመልሶ ይነበባል።

ባለፈው እሑድ «እነዚያን የጃዝ ሸክላ ሳጥኖች ወስደሽ ሽጫቸው፣ ለእኔ ከእንግዲህ እንጨት ናቸው» አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። በልጅነቴ እነሱን ለመንካት እጄን ታጥቤ፣ በፎጣ አድርቄ፣ ገልብጬ አሳይቼህ ነበር የሚፈቀድልኝ። ዛሬ እንጨት ሆኑ?

ከዚያ ደግሞ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረግክ። «ሸክላዎቹም አርጅተዋል። ሲምባሉ፣ ያ ከከበሮው ጋር የሚመታው ናስ፣ ጠፍቷል። መርፌውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፣ ያው ነው።»

አባዬ፣ ሲምባሉ የጠፋው ከሸክላው አይደለም።

የጠየቅኩት ሐኪም ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚለቀው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ከውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለው ክፍል መግቢያው ላይ ያሉት ሴሎች የቀጭን ድምፅ ተቀባዮች ናቸው፤ ቀድመው የሚደክሙትም እነሱ ናቸው። ወፍራሙን የሚቀበሉት ወደ ውስጥ ገባ ብለው ስላሉ ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ስለዚህ ሲምባል ይሄዳል፣ ቤዝ ይቀራል። የወንድሜን ድምፅ እየሰማህ የእኔን የምትስተውም ለዚሁ ነው። እኔ ሞኝ ደግሞ ተቀይሜህ ነበር።

ስለዚህ አልሸጥም። ጉዳዩ አለቀ ብዬ እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ግን ብዙ የምነግርህ አለኝ።

እነዚያ ሳጥኖች እንዴት ይመጡ እንደነበር ታስታውሳለህ? መጀመሪያ ካታሎጉ ይመጣል። አንተ እርሳስ ይዘህ ሦስት ቀን ታነበዋለህ። የማዘዣ ቅጹን ትሞላለህ፣ ትሰርዛለህ፣ እንደገና ትሞላለህ። እማዬ «ይሄ ሰውዬ ለጋብቻ ነው እንዴ የሚያመለክተው?» ትል ነበር። ከዚያ ጥበቃ ነው። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። ካርቶኑ ሲደርስ ወዲያው አትከፍተውም። ጥግ ጥጉን በጣትህ ትዳስሳለህ፣ የተጨፈለቀ ካለ ፊትህ ይጠቁራል። ቴፑን በመቀስ ሳይሆን በቀስታ በጥፍርህ ነበር የምታነሳው።

አሁን በሁለት ጣት ስልክ ነክቼ ያንኑ ሙዚቃ አገኘዋለሁ። አመሰግናለሁ፣ አልክድም። ግን ወር ሙሉ የጠበቅከውን ነገር የምትሰማበት ጆሮ ሌላ ነው። ያንን ከአንተ ነው ያየሁት።

እነዚያን ሳጥኖች የሚያሳትመውን ሞዛይክ ሪከርድስን እንደ ዘመድ ነበር የምታወራልን። ማይክል ኩስኩና እና ቻርሊ ሉሪ የሚባሉ ሁለት ሰዎች መሠረቱት፤ የመጀመሪያ ሥራቸው በ1983 ወጣ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቡክሌት ላይ እንዳለው።) ሱቅ ሄደህ አታገኘውም፤ በፖስታ ታዝዘዋለህ፣ አለዚያ ይቀርሃል። ሙዚቃው የራሳቸው አይደለም፤ ከባለቤቶቹ ካምፓኒዎች ፈቃድ ወስደው የተወሰነ ብዛት ያሳትማሉ። እያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር አለው። ካለቀ አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ ከሰው እጅ በእጥፍ መግዛት ነው። የአንተን የፒያኖ ተጫዋቹን የቴሎኒየስ መንክ ሳጥን ቁጥር እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። የራሴን ስልክ ቁጥር እንኳ አንዳንዴ እሳሳታለሁ።

ያ የመንክ ሳጥን እኮ የመጀመሪያቸው ነው። ብሉ ኖት ለሚባለው የሸክላ ካምፓኒ የቀዳው በሙሉ፣ አራት ሸክላ። መንክ በጥቅምት 1947 መጀመሪያ ለእነሱ ስቱዲዮ ሲገባ 30 ዓመት ከሞላው ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ይሄንን ያወቅኩት ከቡክሌቱ ነው። የአንተ ሕግ ግልጽ ነበር፦ መጀመሪያ ማንበብ፣ ከዚያ መስማት። ማን ቤዝ መታ፣ በስንት ቀን፣ የት ተቀዳ። እኔ ግን ከጽሑፉ ይልቅ የፍራንሲስ ዉልፍን ፎቶዎች ነበር የምወደው። ከጨለማ ውስጥ አንድ ፊት፣ አንድ እጅ፣ የሚያብረቀርቅ ሳክስፎን። ሰውዬው የብሉ ኖት ሸሪክ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ሲሠሩ እሱ ካሜራውን ይዞ በመሃላቸው ይሽሎከለካል።

አሁን ኑዛዜ አለኝ። ከአራቱ በአንዱ ሸክላ ላይ፣ ፒያኖው ብቻውን ሲቀር ጠቅ የምትል ነገር አለች። አንተ «ከፋብሪካው ነው» ብለህ ትተኸዋል። ከፋብሪካው አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እጄን አልታጠብኩም፣ አላስፈቀድኩም፣ መርፌውን ሳነሳ ከእጄ አመለጠኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያቺ ቦታ ስትደርስ ወደ መስኮት እዞር ነበር። አሁን ደግሞ የሚገርመው፣ ያንኑ ሙዚቃ በሲዲ ስሰማው ቦታው ላይ ጠቅ አይልም፣ እኔም እደነግጣለሁ። የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል። ይቅር በለኝ አባዬ።

ሌላው ጸባችን ስለ ቴክ ነበር፤ አንድን ዜማ ለመቅዳት ስለሚደረገው እያንዳንዱ ሙከራ። አንዱን ዜማ ሦስት ጊዜ ቀድተውት ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ ሦስቱም አሉ፣ አንተም ሦስቱንም ታሰማናለህ። እኔ መጀመሪያ «አባዬ፣ ሸክላው ተበላሽቷል፣ እየደገመ ነው» ብዬ ሮጬ የመጣሁትን ለሰው ሁሉ ትናገራለህ። አሁንም ቢሆን አቋሜን አልቀየርኩም። አንዱን ዜማ በላይ በላይ ሦስቴ መደርደር ሰሚን ማሰልቸት ነው፤ ትርፉን መጨረሻ ላይ ያስቀምጡት። የወደቀውንና ያለፈውን ፈተና ቀላቅሎ እንደማስረከብ ነው።

ግን በአንዱ ረታኸኝ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር ኅዳር 26 ቀን 1945 ሳቮይ ለሚባል ካምፓኒ «ኮ ኮ»ን ሲቀዳ የመጀመሪያው ሙከራ ገና ሳይሞቅ ይቆማል። መግቢያውን በፍጥነት ከመቱ በኋላ «ቼሮኪ» የሚባለውን የሌላ ሰው ዜማ መጫወት ይጀምራሉ። ያኔ ፉጨትና ጩኸት ይሰማና ሁሉም ጸጥ ይላል። ዜማው ባለቤት አለው፣ ባለቤት ደግሞ ይከፈለዋል። ቀጥሎ ባለው ቴክ ያንን ዜማ ጨርሰው ይዘሉትና ፓርከር ከዜማው ሥር ባሉት ኮርዶች ላይ ብቻ ይበርራል። ያቺን የተቋረጠች ቁራጭ ካልሰማህ ከምን ዘሎ ወዴት እንደደረሰ አይገባህም። አንተ ጣትህን አንስተህ «ስሚ፣ አሁን ያስቆሟቸዋል» ስትለኝ ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር። መቶ ጊዜ ሰምቼውም ይቺ ጊዜ ባያስቆሟቸውስ እላለሁ።

ስለ ፓርከር ካነሳሁ፣ ያንን ዲን ቤኔዴቲ የሚባለውን ጉደኛም አልረሳሁትም። በ1947 እና 1948 ፓርከር የሚጫወትበት ክበብ ድረስ መቅጃውን ተሸክሞ ይሄዳል። ፓርከር ሶሎውን ሲጨርስ መቅጃውን ያጠፋዋል። ሌሎቹ ይጫወቱ አይጫወቱ ጉዳዩ አይደለም። ሞዛይክ በ1990 ያንን ሰብስቦ ሲያወጣ ሰባት ሲዲ ሆነ፤ መሃል ላይ የተቆረጠ ሙዚቃ ሰባት ሲዲ ሙሉ! በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ለመስማት ከባድ ነው፣ እንደ ግዴታ አትያዘው። እኔ ሳስበው ግን አንተም በስልክ የምትሰማው የምትፈልገውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። እሑድ ማታ አንድ ነገር ሞከርኩ። የአንተ ጆሮ ምን እንደሚሰማ ማወቅ ፈለግኩ። የቲና ብሩክስን ሳጥን አወጣሁ፤ ባለፈው ዓመት የሰጠኸኝን። ማጫወቻው ላይ ቀጭኑን ድምፅ እስከ ታች አወረድኩት።

ስለ ቲና ብሩክስ አንተ ነህ የነገርከኝ። ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ከ1958 እስከ 1961 ለብሉ ኖት በራሱ ስም አራት ጊዜ ስቱዲዮ ገባ። በሕይወት ሳለ የወጣለት ግን አንድ ሸክላ ብቻ ነው፣ በ1960 የቀዳው «ትሩ ብሉ»። አንደኛው እንዲያውም ይወጣል ተብሎ ማስታወቂያ ተሠርቶለት ሳይወጣ ቀረ። በ1974 በ42 ዓመቱ ሞተ። በ1985 ሞዛይክ አራቱንም በአንድ ሳጥን አወጣቸው። «ሰውዬው አልሰማውም» ብለህ ዝም ያልክበትን ቀን አስታውሳለሁ። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም ነበር። አሁን ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው።

«ትሩ ብሉ»ን ከፈትኩት። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ብርድ ልብስ የለበሰ ሙዚቃ ነው። የአርት ቴይለር ሲምባል የለም። የፍሬዲ ሀባርድ ትራምፔት ጫፉ ተቆርጧል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አለቀስኩ፤ አንተ ስንት ወር እንዲህ ሆነህ ለብቻህ መርፌ ስትቀይር እንደነበር ሳስበው።

ከዚያ ማጥፋት ሲገባኝ ተውኩት። ሁለተኛው ዜማ ላይ ከታች የሚሄድ ሰው ሰማሁ። ሳም ጆንስ ነው፣ ቤዙ። ይሄን ሸክላ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሳም ጆንስን ግን ነገሬ ብዬው አላውቅም ነበር። እንደ ሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። አንዳንዴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና ሌሎቹ እስኪደርሱበት የሚጠብቅ ይመስላል። ከላይ ያለው ሁሉ ሲደበዝዝ እሱ ወጣ። ሸክላውን ገልብጬ ሌላውንም ገጽ እንዲሁ ሰማሁት። ለካ እስከ ዛሬ ጣሪያውን ብቻ ነበር የማየው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። ሳጥኖቹን ከታች ጀምረን እንስማቸው። መጀመሪያ የባንድ መሪውንና ፒያኖ ተጫዋቹን የዱክ ኤሊንግተንን አውጣ፤ ማለቴ እኔ አወጣዋለሁ። ጂሚ ብላንተን የሚባል ቤዝ ተጫዋች ልጅ በ1939 ከባንዱ ጋር ተቀላቀለ። እስከዚያ ቤዝ ማለት በአብዛኛው ምት መጠበቂያ ነበር። ይሄ ልጅ ግን እንደ ሳክስፎን አዘፈነው። ኤሊንግተን በዚያው ዓመትና በ1940 ሌላውን ባንድ ሁሉ ወደ ጎን ትቶ ከእሱ ጋር ለሁለት ብቻ ቀዳ፤ ፒያኖና ቤዝ። ሲምባል የለበትም አባዬ። የሚጠፋብህ ነገር ትንሽ ነው። ብላንተን በ1942 በ23 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ያንን ሁሉ የሠራው ሦስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ነው።

ስለ መስሚያ መሣሪያውም ጆሮ ዳባ ልበስ አትበለኝ። «ሞክሬው ሙዚቃውን ቆርቆሮ አደረገብኝ» ያልከው ልክ ነው፤ ብዙዎቹ የሚስተካከሉት ለንግግር ነው። ግን አንዳንዶቹ ለሙዚቃ የሚሆን ለብቻው ማስተካከያ አላቸው። ባለሙያውን አንተ አልጠየቅከውም፣ እሱም ሙዚቃ ትሰማለህ ብሎ አላሰበም። ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። የምታውቀውን ሸክላ በሲዲ ይዘን እንሄዳለን፣ እዚያው እየሰማህ ያስተካክልልሃል።

እስከዚያ አንድ ሥራ አለህ። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ወረቀት አስገባ። መቼ እንዳዘዝከው፣ ስንት እንደጠበቅከው፣ መጀመሪያ ስትሰማው ማን እንደነበረ ጻፍልኝ። ቡክሌቱ ማን ቤዝ እንደመታ ይነግረኛል፣ እኛ ቤት ማን ቁጭ ብሎ ይሰማ እንደነበር ግን አይነግረኝም። ጽሑፍህ ይንቀጠቀጥብኛል ካልክ እኔ እየጠየቅኩህ እጽፈዋለሁ።

እና ሸክላዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደራርበህ አስተኝተሃቸዋል ብላ እማዬ ነገረችኝ፤ ለሚገዛ ሰው እንዲመቹ ብለህ። ይጣመማሉ፣ አንተው ያስተማርከኝ ነው። እሷ ታቁማቸው፣ አንተ እንዳታነሳቸው፣ ወገብህ።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። መንክን መጀመሪያ እናጫውተው፣ ጠቅ የሚልበት ቦታ ሲደርስ አብረን እንስማው። እጄን ታጥቤ ነው የምመጣው።

የምትወድህ ልጅህ