የዝንጅብል ሻይ የናኖ መድኃኒት አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ስለ አንጀት ቁስለት (ትልቁ አንጀት ተቆጥቶ የሚደማበት በሽታ) እና መድኃኒት ይሆናል ስለተባለው ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ነገር) ያወጣችሁት ዘገባ እዚህ ጎንደር በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ብዙው ደህና ነው። የመጨረሻዋ አንቀጽ ግን ሰው ትጎዳለች። ቤታችን የምናፈላው ዝንጅብልና እርድም እንደ ናኖ ቅንጣቱ ቁስለቱን ያክማል ብላችሁ ደመደማችሁ። ከየት አመጣችሁት?

የጠቀሳችሁት የአትላንታ ተመራማሪዎች ሥራ በፈረንጆች 2016 የወጣ ነው። ዝንጅብሉን ፈጭተው፣ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ለይተው፣ 230 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ቅንጣቶች አወጡ። ከፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ ያንሳሉ። ያጠጡትም አይጦችን ነው። አይጦችን! እናንተ ታማሚዎች ብላችሁ ጻፋችሁ።

ቅንጣቱ ለምን አስፈለገ? እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ወደ ሰውነት የገባውንም ጥቂት ነገር አንጀትና ጉበት ቶሎ ይለውጡታል። ስለዚህ ጨጓራ ውስጥ የማይፈታ፣ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ግን የሚከፈት ሽፋን ያለብሱታል። የተቆጣው የአንጀት ግድግዳ ደግሞ ጥቃቅኑን ቅንጣት ከጤነኛው ይልቅ ይዞ ያስቀራል። በራድ ይህን አይሠራም።

ያንገበገበኝ የእህቴ ነገር ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲያመላልሳት አንድ ጤና ተቋም አሜባ ነው እያለ ሜትሮኒዳዞል ደጋግሞ ሰጣት። በሽታዋ የአንጀት ቁስለት መሆኑ የታወቀው ቆይቶ፣ በኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ በሚያይ ምርመራ) ነው። የበሽታውን ክኒን ሰልፋሳላዚንን ስትጀምር ደሙ ቆመላት። የእናንተን ዘገባ ስታነብ ግን ክኒኑን ተወችና ዝንጅብል ማፍላት ያዘች። ደሙ ተመልሶ መጣ። ስቆጣት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ፤ የመጨረሻዋን አንቀጽ በቢጫ አቅልማታለች። «ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው እኮ» አለችኝ። ምን ልበላት?

የሚገርመው፣ የተወችው ክኒን ራሱ በዚያው ሐሳብ የተሠራ ነው። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ በፈረንጆች 1940ዎቹ ያስተዋወቀችው ሰልፋሳላዚን ሁለት ነገር ተጣብቆ የተሠራ መድኃኒት ነው። አብዛኛው ሳይፈታ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይሰነጥቁትና ቁጣውን የሚያበርደው ክፍል ቦታው ላይ ይለቀቃል። ዘገባችሁ ይህን አንድም ቦታ አላነሳም። አንስታችሁት ቢሆን እህቴ እጇ ላይ ያለውን ባልጣለች።

ኩርኩሚን ዋጋ የለውም አላልኩም። በፈረንጆች 2006 ጃፓን ውስጥ 89 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት በሽታው እንዳያገረሽ ረድቷል። የወሰዱት ግን በቀን 2 ግራም ኩርኩሚን፣ ያውም ከክኒናቸው ጋር ነው። እርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ከመቶ 3 ገደማ ነው። 2 ግራሙን ለማግኘት በየቀኑ ከ60 ግራም በላይ እርድ መዋጥ ሊኖርባት ነው።

ደግሞ በሽታው የፈረንጅ ነው ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁ። እኛ የት ሄድን? ሐኪምም ቤተሰብም በሽታው እኛ ዘንድ የለም ብሎ ካመነ ማን ኮሎኖስኮፒ ያዛል? እህቴ አሜባ ስትባል የኖረችው በዚሁ እምነት ነው።

ሁለቱን አስተካክሉልን። ጥናቱ አይጥ ላይ መሆኑን ጻፉ፤ ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥም ጻፉ። ማስተካከያው ታች ጥግ ላይ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው ፊደል መጠን ይውጣ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር