ለአባባ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ይኼን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ጤፍ ላይ ነው የምትውዪው? እሱንማ እዚሁ ምንጃር ታደርጊው ነበር» ሲሉኝ ሳልመልስልዎ መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩ ከልቤ ስላልወጣ ነው የምጽፍልዎ።

ቤቴ የአዲስ አበባ ጫፍ ላይ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ወደ ቢሾፍቱ እሄዳለሁ። ቢሾፍቱን ሰው የሚያውቃት በሐይቆቿ ነው። ለእኔ ግን የምርምር ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው። የከብት ክትባት የሚመረተውም እዚያ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚያስመረምረው እዚያው ነው። የእኔ ሥራ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ማሳ ላይ ነው። አፈሩ እንደኛው ጥቁር መረሬ ነው።

በሌሊት የምሄደው ለጤፍ አበባ ብዬ ነው። አባባ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ጤፍ ሲዘሩ አበባዋ ስትከፈት አይተው ያውቃሉ? ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ትከፈትና አንድ ሰዓት እንኳ ሳትቆይ ትዘጋለች። በጣም ደቃቃ ስለሆነች በማይክሮስኮፕ ነው የምንሠራው። የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቺን ሰዓት እስኪደርሱባት ድረስ ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል አልተቻለም ነበር።

እርስዎ የሚዘሩት ቁንጮ የሚባለው ጤፍ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ማኛና ዱከም የሚባሉትን ዘሮች አዳቅለው ነው ያወጡት። ከማኛ ንጣቱን፣ ከዱከም ምርቱን ወሰደ። ለገበሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሁለቱም ወላጆቹ ደግሞ መጀመሪያ ከገበሬ ጤፍ ተመርጠው የወጡ ናቸው። የእርስዎን ቢጤ ሰው እጅ ያየ ዘር ነው።

አሁን የሚያስጨንቀን የጤፍ መጋሸብ ነው። ያኔ ልጅ ሆኜ፣ ጥቅምት ላይ ዝናብና ንፋስ አዝመራውን መሬት ላይ ሲያስተኛው፣ ድንበሩ ላይ ቆመው ዝም ብለው ሲያዩ ነበር። ያን ቀን እራት አልበሉም። አገዳው አጠር ጠንከር ያለ ጤፍ ፍለጋ ስደክም ያ ቀን ይታወሰኛል።

ለጥምቀት እንደሚመጡ ነግረውኛል። አያቴ በቅል ታስቀምጠው ከነበረው ቀይ ጤፍ ተርፎ ከሆነ አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥረው ይዘውልኝ ይምጡ። እንዳያበጥሩት አደራ። ድብልቁን ነው የምፈልገው።

እጅ እነሣለሁ፤
ልጅዎ