የጊዜ ጉዞ የፈረንጅ ብቻ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችንን የሚኒ ሚዲያ ክበብም የማስተባብረው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከፍቶኝ ነው። ተማሪዎቼ ወራት የለፉበትን የድምፅ ድራማ ይዤ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ሄጄ ነበር። የተቀበለኝ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል አምስት ደቂቃ እንኳ አልሰማም። «መምህር፣ የሳይንስ ልብ ወለድ ለእኛ ሰው አይሆንም። የጊዜ ጉዞ ምናምን የፈረንጅ ነው። ስለ ትዳር ብትሠሩ ይሻላል» አለና ፍላሹን መለሰልኝ።

እምቢ መባል ያለ ነው። ጣቢያውም የራሱ ሥራ አለው። የከነከነኝ «ለእኛ ሰው አይሆንም» የሚለው ነው።

ድራማው ስድስት ክፍል አለው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሸዋ ሮቢት ያለችውን አያቷን ልትጠይቅ ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ ትሳፈራለች። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ጉም ይውጣቸዋል። በ2017 የገባችው ልጅ በ1931 ትወጣለች። ዋሻውን ልጆቹ የመረጡት ዝም ብለው አይደለም። ያንን ተራራ የቦረቦረው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ዛሬ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ስንቱ ነው በማን ጊዜ ውስጥ እንዳለፈ የሚያስበው?

ልጅቷ በመንዝ በኩል በእግሯ ሄዳ ዘረት ትደርሳለች። ሚያዝያ 1931 ላይ ነው። ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ከአርበኞቹ ጋር ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ዘረት በሚገኘው አመጸኛ ዋሻ ተጠልለው ነበር። የጣሊያን ጦር ከቧቸው የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጅ ሰጥተው የወጡትን ወንዶች ረሸናቸው። ሰሜን ሸዋ ተወልደው ያደጉ ተማሪዎቼ ግማሾቹ ይህን አልሰሙም ነበር። ለድራማው ብለው ነው አያቶቻቸውን መጠየቅ የጀመሩት።

የድራማው ሕግ አንድ ነው። ያመጣት መንገድ አንድ ሰው ብቻ ይመልሳል። በሌላው ዘመን የቀረ ሰው ደግሞ ከቤተሰቡ ትዝታ ይጠፋል። ልጅቷ እናቱ ዋሻው ውስጥ የሞተችበትን ሕፃን አዝላ ትወጣለች። ጣርማ በር ስትደርስ መምረጥ አለባት። ሕፃኑን ትልከዋለች። እሷ ትቀራለች።

ይህን ስንጽፍ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዳንዶቹ «ለምን ሁሉንም አናድናቸውም? ድራማ አይደል እንዴ!» አሉ። እውነቴን ነው፣ እኔም ልቤ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። ቤተሰቧ ከቀያቸው ተፈናቅለው ነው እዚህ የመጡት። «እንዳልሞቱ አድርገን ከጻፍን ማን ያለቅስላቸዋል?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ መቀየር አላነሳም።

አሁን ወደ «የፈረንጅ ነው» ልመለስ። አቤሜሌክን የሚያውቅ ሕዝብ የጊዜ ጉዞ እንዴት ባዕድ ይሆንበታል? ኢየሩሳሌም ልትጠፋ ስትል ነቢዩ ኤርምያስ በለስ እንዲያመጣ ይልከዋል። ከዛፍ ጥላ ሥር ትንሽ ልረፍ ብሎ ጋደም ይላል። 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ በለሱ ገና ወተቱ ይንጠባጠባል። ከተማው ግን ሌላ ሆኗል። መንገድ የሳተ መስሎት ወጥቶ እንደገና ይገባል። አንድም የሚያውቀው ሰው የለም። ከዚህ በላይ የጊዜ ጉዞ ምን አለ? ሰውየው ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው። ይህን ስጦታ ያገኘው በደግነቱ ነው፤ የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ። ኤርምያስ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ ሊሞት ሲል ንጉሡ ፊት ቀርቦ የተናገረለት እሱ ነበር። ሹማምንቱ ሁሉ ኤርምያስን ሲጠሉ ማለት ነው። ገመዱን ሲያወርድለት አሮጌ ጨርቅም አብሮ ሰደደ። በብብትህ ሥር አድርገው አለው፣ ገመዱ እንዳይቆርጠው። የጊዜ ጉዞም፣ ራስን ለሌላው አሳልፎ መስጠትም በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ አሉ። አያቶቻችን ሲሰሙት ኖረዋል።

ሳይንሱም ቢሆን እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። አንስታይን እንዳስተማረን ወደ መሬት እምብርት በቀረብን መጠን ጊዜ ይዘገያል። ከፍ ስንል ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ አንዱን የአቶም ሰዓት ከሌላው 33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ልዩነቱን ለክተውታል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከሸዋ ሮቢት 1,500 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ሰሌዳ ላይ አብረን አሰላነው። እኛ ጋ ያለ ሰዓት ሸዋ ሮቢት ካለው በዓመት አምስት ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ይቀድማል። ኢምንት ናት፤ ግን እውነት ናት። አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ አያቴ እኮ ሸዋ ሮቢት ናት! ከእኔ ቀስ ብላ ነዋ የምታረጀው!» አለ። የድራማዋ ልጅ አያቷን ልትጠይቅ የምትሄደው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ይሄ ልጅ ፊዚክስ ፈተና ላይ ሃምሳ አምጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ከሰሌዳው አልነቃነቅ አለ።

ስቱዲዮ የለንም። የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥበትን ክፍል ለምነን ግድግዳውን በባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እና በዝተት ሸፈንነው። የመንዝ ሱፍ ማሚቶ እንዲህ እንደሚውጥ እኔም አላውቅም ነበር። የምንቀዳው በስልክ ነው። በረዶ ሲጥል ምስር ትሪ ላይ እንበትናለን። የጊዜ መሻገሪያው ድምፅ የማሲንቆ ነው። አንዱ ልጅ ቀስ አድርጎ ይገዘግዘዋል፣ ሌላዋ ስልኳ ላይ ወደ ኋላ ታዞረዋለች። ስትሰሙት ፀጉር ያቆማል።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ምንም ሙዚቃ የለም። የልጅቷ እናት ቡና አፍልታለች። ሲኒ ስትደረድር ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቡናው ሲቀዳ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ጀበናው አየር ላይ ይቀራል። «ይቺን ለማን ነው የደረደርኳት?» ትላለች። ማንም አይመልስላትም። ከጓዳ ሕፃን ያለቅሳል።

በቴሌቪዥን 1931ን እንሥራ ብንል ልብሱ፣ ፈረሱ፣ መሣሪያው ብቻ ስንት ብር ነው? በድምፅ ሲሆን ግን አንድ ጀበናና አራት ሲኒ ይበቃል። ቀሪውን አድማጩ ራሱ ይሠራዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ አባቶቻችን በአንድ ሰው ድምፅ አገር ምድሩን ያዩ ነበር። ያ ጆሮ የት ሄደ? እኔ አልሄደም ባይ ነኝ።

ማስረጃዬ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ናቸው። መንዝ ተወልደው ያደጉ ትልቅ ሰው ናቸው። ሳይንስ ልብ ወለድ የሚባል ቃል ሰምተው አያውቁም። የተቀዳውን በየሳምንቱ ዓርብ በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ እናሰማ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። በሦስተኛው በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «መምህር፣ ያቺ ልጅ ወጣች?» ይሉኝ ጀመር። የሲኒው ትዕይንት የተሰማ ዕለት ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ «እሷስ? ስሟን ማን ይጠራላታል?» አሉኝ። «እርስዎ» አልኳቸው። ዞር ብለው ሄዱ። «አድማጭ የለውም» የሚለኝ ሰው እሳቸውን አላያቸውም።

በክልልም በአዲስ አበባም ያላችሁ የሬዲዮ ጣቢያዎች፣ የምለምናችሁ በሳምንት ሃያ ደቂቃ ነው። ክፍያ አልጠየቅንም። «ስፖንሰር አምጡ» እንዳትሉን ብቻ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስፖንሰር ከየት ያመጣል? ጥራቱ ካነሰ ንገሩን፣ ደግመን እንቀዳለን። ግን እስከ መጨረሻው ስሙትና ነው። እናንተም አዘጋጆች በባህል አምዳችሁ ላይ ለድምፅ ድራማ ትንሽ ቦታ ብትሰጡት ደስ ይለኛል። የፊልምና የሙዚቃ ዜና በየሳምንቱ አነባለሁ፤ የድምፅ ድራማ ግን አይቼ አላውቅም።

ልጆቹ በዚህ መሀል ሁለተኛውን ድራማ ጀምረዋል። ከተማችን ደብረ ብርሃን የተባለችው ለዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ኮከቡ በእኛ አቆጣጠር 2053 ላይ ይመለሳል። አሁን 15 ዓመት የሆናት ደራሲያችን ያኔ ሃምሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ታሪኩን የምትጽፈው ከዚያ ወደዚህ እያየች ነው።

ስድስቱም ክፍሎች ፍላሹ ላይ አሉ። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ኑ ካላችሁኝ በማለዳው ሚኒባስ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባባሪ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ