የእማማ በርበሬ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከዚህ ሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣውን ዐረፍተ ነገር አራት ዓመት ሙሉ ስጽፈውና ስሰርዘው ኖሬያለሁ። ዝምታው ከአንቺ አልመጣም። ደውለሽልኛል፤ መልእክት ልከሽልኛል፤ የትንሿን ልጅሽን የክርስትና ፎቶግራፍ ሳይቀር ልከሽልኛል። ያልመለስኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ዛሬ ልነግርሽ ነውና ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በእማማ አርባ ሰሞን የደወልሽልኝን ሌሊት ታስታውሺያለሽ? ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለመምጣት ሳይሳካልሽ ቀርቶ፣ እያለቀስሽ «ቤቱ ምን ምን ይሸታል? ማጀቱ እንደ ድሮው ነው? ዓይኔን ጨፍኜ ልስማሽ፤ ንገሪኝ» አልሽኝ። እኔ ስለ መጋረጃው አወራሁልሽ። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ መጣው ሰው ብዛት፣ በመስኮቱ ስለገባው ፀሐይ አወራሁልሽ። «እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ» አልሽኝ። ያን ጊዜ ስልኩ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። አልተቋረጠም ነበር።

ቤቱ ምን እንደሚሸት አላውቅም ነበር። ማሽተት ካቆምኩ ስድስት ወር አልፎኝ ነበር።

መጋቢት 2013 ኮሮና ያዘኝ። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቀኝ። አንድ ጠዋት ቡና ስቆላ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ ፍሬው እየጠቆረና እየተንጣጣ፣ ምንም ሽታ እንደሌለ ገባኝ። ከመስታወት ጀርባ ሆኜ ሌላ ሴት ቡና ስትቆላ የማይ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። የምግብ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ፤ ወጥ ቤት ለወጥ ቤት እየዞርኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ምን ብዬ ልናገር?

ግንቦት ላይ እማማ በርበሬ አዘጋጁና አስጠሩኝ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ በእዚያ ማጀት ከልጅነታችን ጀምሮ አንቺ ቀማሽ፣ እኔ አሽታች ነበርን። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ቅመሙ ገብቶበት፣ ከወፍጮ ተመልሶ በትልቁ ሰፌድ ላይ ተዘርግቷል። እፍኝ ሞልተው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉና «እስቲ በደንብ አሽትችው፤ ኮረሪማው አልበዛም?» አሉኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በርበሬ የሚያቃጥለው በሌላ ነርቭ ስለሆነ፣ ማሽተት የተሳነውንም ሰው ያስለቅሳል። እሳቸው እንባዬን አይተው ተደሰቱ። «ልክ ነው እማማ፤ አልበዛም» አልኩ። ከዚያ በርበሬ አንድ ብልቃጥ ሞልተው ሰጡኝ። በነሐሴ ዐረፉ። የመጨረሻ በርበሬያቸውን ነው የዋሸኋቸው። አንቺም ቀጥለሽ ስለ ሽታ ስትጠይቂኝ ሁለተኛ ለመዋሸት አቅም አልነበረኝም።

በዚያ ዓመት ሥራ አላቆምኩም። ለፎቶግራፍ አፍንጫ ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብ ደንበኛ የለም፤ እንዲያውም ከቀድሞው የበለጠ ተመሰገንኩ። አሁን እነዚያን ሥዕሎች ስመለከት ግን አንድ ነገር ይታየኛል። ክትፎው ላይ ያለው ቅቤ ጫፉ ረግቷል። ጥብሱ ላይ የተደረበው የጥብስ ቅጠል ጠውልጓል። ወጡ ላይ ቆዳ ወጥቷል። ሁሉም በቀለም የተስማማ፣ በቦታው የተቀመጠ፣ የቀዘቀዘ ምግብ ነው። ለካ ቀድሞ «አሁን አንሺው!» የሚለኝ ዓይኔ አልነበረም፤ ሽታው ነበር። በጾም ወራት የፍስክ ምግብ ሳነሳ እንኳን፣ አንዲት ጠብታ ሳልቀምስ፣ ዶሮው መድረሱን የምናገር ሰው ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ያነበብኩት አንድ ጥናት ለጊዜው አጽናንቶኝ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ቦርዶ ውስጥ ተመራማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ማቅለሚያ አቅልተው 54 የወይን ጠጅ ሙያ ተማሪዎች እንዲያሸትቱት ሰጡ። ተማሪዎቹም ሽታውን ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። ዓይን አፍንጫን ይመራል ማለት ነው። እንግዲያው ዓይኔ ብቻውን ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ። ተሳስቼ ነበር። እነዚያ ተማሪዎች ሊታለሉ የቻሉት የሚታለል አፍንጫ ስለነበራቸው ነው።

ከዚያ የባሰው መጣ። በጥቅምት ማሽተቴ መመለስ ጀመረ፣ ነገር ግን ተጣሞ ተመለሰ። ቡና የተቃጠለ ጎማ ሆነብኝ። ቁሌት አፍንጫዬ ሲደርስ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ሰው ቤት ሄጄ አቦል ሳይቀዳ ስነሳ «ኮራች» ተባልኩ። በአገራችን ቡናና ሽንኩርት ከሸሸሽ ከሰው ሁሉ መሸሽሽ ነው፤ የትኛው ቤት ይቀርሻል?

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልምምድ አዘዘልኝ። ድሬስደን ከተማ ቶማስ ሁመል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው፤ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት እያሰቡ ማሽተት። ጀርመን አገር በዘይት መልክ በጠርሙስ የሚሰጠውን እኔ ከጉሊትና ከአጥር ሰበሰብኩት። እኔን 12 ሳምንት አልበቃኝም፤ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። መጀመሪያ የተመለሰልኝ ባሕር ዛፍ ነው። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በሰኔ ዝናብ ርሰው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ተንሰቀሰቅኩ። አንዷ ሸክሟን እንደተሸከመች ቆማ «ምን ሆንሽ ልጄ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

የምግብ ፎቶግራፍ ሥልጠና መስጠት የጀመርኩት በዚያው መካከል ነው። ሰው ሁሉ እውቀቷን ልታካፍል ነው ብሎ አመሰገነኝ። እውነቱ ግን የሌላ ሰው አፍንጫ ስለቸገረኝ ነበር። ምግቡ ሕያው የሚሆንበትን ደቂቃ የሚነግረኝ ሰው ፈለግኩ፤ ይህንን ግን አልነገርኳቸውም።

ሦስት ቀን፣ 12 ሰው፣ አንድ ኪራይ ቤት ከነማጀቱ። የሚመጡት የሆቴል ወጥ ቤቶች፣ በስልክ ትእዛዝ እየተቀበሉ ምግብ የሚሸጡ ወጣት ሴቶች፣ ጥቂት የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺዎች ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ካሜራውም ስልኩም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዓይናቸውን በነጠላ አሥራለሁ፤ ሽንኩርት እሳት ላይ ይጣዳል። መጀመሪያ በራሱ ውሃ ሲፈላ ድምፁ ወፍራም ነው። ውሃው ሲያልቅ ይቀጥናል፤ መንጫጫት ይጀምራል። «አሁን!» የሚሉበትን ቅጽበት እመዘግባለሁ። እኔ ድምፁን እሰማለሁ፤ እነርሱ ሽታውንም ጨምረው ይነግሩኛል። በሦስተኛው ሥልጠና ላይ ከድምፁ ተነስቼ ሽታውን መገመት ጀመርኩ። ስንት ዘመን እማማ ጀርባቸውን ለድስቱ ሰጥተው ከእኛ ጋር ሲያወሩ ቆይተው «ዘይቱን አቀብሉኝ» የሚሉት በምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ብርሃን ነው። የመጀመሪያው ትእዛዜ «አምፖሉን አጥፉ» ነው። የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን አንድ ሳህን ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ፤ አንደኛው ሰማያዊ፣ ሌላኛው ብርቱካናማ ይሆናል። ርካሽ አምፖል ደግሞ ቀይን አይወደውም፤ የበርበሬን ቀለም ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። ከዚያ መስኮቱ ላይ ነጠላ እንዘረጋለን። ለስላሳ ብርሃን ለማግኘት ውድ ዕቃ ገዝቶ ለሚከራከረኝ ሰው የምመልሰው በእናቱ ነጠላ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስተማረኝ ስህተቴ ነው። እኔ ሙያውን የተማርኩባቸው ጽሑፎች ሁሉ «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልግ፤ ፀሐይ አይገባበትም» ይላሉ። አምኜ የሰሜን መስኮት ያለው ክፍል ተከራየሁ። በሰኔ፣ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር፣ ፀሐይ በእኩለ ቀን ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ አረፈች! ለካ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትውለው። ምክሩ ለአውሮፓ ልክ ነው፤ ለእኛ በዓመት ሰባት ወር ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን መስኮታቸውን በየወሩ እንዲያዩና ፀሐይ የት እንደምትደርስ ወለሉ ላይ በጠመኔ እንዲያሰምሩ አደርጋለሁ። ብርሃንን ከሌላ አገር ሰው መዋስ አይቻልም።

ልነግርሽ የጓጓሁት ግን ስለ አንዲት ሴት ነው። እንጀራ ጋግራ ልጆች ያሳደገች፣ ሃያ ዓመት ምጣድ ፊት የተቀመጠች ሴት ናት። ልጇ ስልክ ሰጥታ ለሥልጠና ላከቻት። ሁለት ቀን ዝም ብላ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን እንጀራ ስናነሳ ሁላችንም ተቸገርን። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ስለነበረ ዓይኖቹ ጠፍተው እንጀራው ወረቀት መሰለ፤ በዚያ ላይ ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ስለሚያጨልመው የማኛው ጤፍ አመድ ሆነ። እርሷ ተነስታ የበሩን አንዱን ክፍል ዘጋች። በቀረው ስንጥቅ ብርሃኑ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ እንጀራውን እየታከከ አለፈ። እያንዳንዱ ዓይን ትንሽ ጥላውን ይዞ ተከፈተ። «ከየት ተማርሽው?» ስላት «እቤቴ በሩ እንዲህ ነው። ሊጡ ዓይን ማውጣቱን የማየው በዚህ ብርሃን ነው፤ ካላየሁት አክንባሎውን መች እንደምደፋ አላውቅም» አለችኝ።

እኔ በስንት ልፋት የደረስኩበትን እርሷ በየቀኑ ትኖርበታለች። ከጎን የሚመጣ ብርሃን መዳሰስ ነው፤ ጣት ሻካራውንና ለስላሳውን እንደሚለየው ይለያል። እንፋሎት ደግሞ ብርሃን ከኋላው መጥቶ ፊቱ ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው የሚታየው። ይህንንም የምታውቂው ይመስለኛል፤ የእማማ ማጀት በር አንድ፣ የጢስ መውጫው አንድ፣ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ አልነበረምን? እኛ ጨለማ ቤት እያልን የምናማርረው ቦታ፣ በዕድሜዬ ካየኋቸው ስቱዲዮዎች ሁሉ ይበልጣል።

በሥልጠናው መጨረሻ ያነሳነውን ሁሉ ተቀምጠን እንበላለን። የሞተር ዘይት በማር ፋንታ፣ ሙጫ በወተት ፋንታ የሚያደርጉ የማስታወቂያ ሰዎች እንዳሉ ተማሪዎች ሰምተው ይጠይቁኛል። በእኔ ቤት አይደረግም። እህል ለመበላት ነው የተሠራው፤ ተመርዞ የሚጣል እህል ላይ ካሜራ አላነሳም። ባለፈው ዓመት በዚያ ማዕድ ላይ፣ ያቺ እንጀራ ጋጋሪ በእጇ ስታጎርሰኝ፣ ከእጇ ላይ ጥቁር አዝሙድ ሸተተኝ። አልተጣመመም። ራሱ ጥቁር አዝሙድ ነበር።

ባለፈው እሑድ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እማማ ቤት ሄድኩ። ወንድምሽ ቁልፉን ሰጠኝ። ማጀቱን እንዳለ ትቶታል፤ ሙቀጫው በቦታው ነው። በሩን ዘግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጠየቅሽኝን ልነግርሽ ቆምኩ። መጀመሪያ የሚመጣው ጥላሸት ነው፤ አሮጌ፣ ደረቅ፣ ትንሽ ጣፋጭ። ከሥሩ አብሽ የቀላቀለ ቅቤ አለ፤ መደርደሪያው እንጨት ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ጓዳው አጠገብ ስትደርሺ እርሾ፣ ኮምጣጣ፣ ቀዝቃዛ። በስተመጨረሻ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ እማማ በቆርቆሮ የተከሉት ጤና አዳም አለ። ወንድምሽ ውሃ ያጠጣዋል።

ከዚያ ብልቃጡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ከግንቦት 2013 ጀምሮ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ቀለሙ ወደ ቡናማ አዘንብሏል፤ ኃይሉም ደክሟል፤ ግን አለ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው አንድ በአንድ መጡ። ደጋግሜ አሸተትኩት።

ኮረሪማው በዝቷል። ትንሽ ነው፤ ግን በዝቷል። እሳቸውም ጠርጥረው ነበር የጠየቁኝ።

ግማሹን በትንሽ ጠርሙስ አሽጌ፣ ከማጀቱ ፎቶግራፍ ጋር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሜሪላንድ ለሚመለሱ ጎረቤቴ ሰጥቻለሁ። ስልክሽን ስለያዙ ይደውሉልሻል። ግማሹን እኔ ዘንድ አስቀርቻለሁ። ሲደርስሽ ቅመሺውና ንገሪኝ፤ በዝቷል ወይስ አልበዛም?

ናፋቂ ጓደኛሽ