አምስት ወር ሙሉ ለደረሳችሁልን

በጌታ የተወደዳችሁ ወዳጆቻችን፣

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። አንዴ እንባ ቀደመኝ፣ ሁለት ጊዜ ሥራ ጠራኝ። ዛሬ ግን ባለቤቴ በግራ እጁ እስክሪብቶውን አንስቶ ሰጠኝና «ጻፊ» አለኝ። ይህች አንዲት ቃል ስንት ወር እንደፈጀች አብራችሁን የሰነበታችሁ ታውቃላችሁ።

ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከአምስት ወር በፊት አንድ ማለዳ ፊቱን ሲታጠብ ቀኝ እጁ ከዳው። አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ሊናገር ቢሞክርም የሚወጣው ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም። በግራ የአንጎሉ ክፍል የደረሰ ስትሮክ ነው ተባልን። እኔ ደንግጬ «ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል» ስል ነበር። አጠገባችን ያለው ወጣት እኔን ሳይሰማ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባው። በስትሮክ እያንዳንዷ ደቂቃ የአንጎል ዋጋ እንዳላት ሐኪሞቹ የነገሩኝ ቆይቶ ነው። ልጄ፣ ያን ቀን ስላልታዘዝከኝ ዘመንህ ይባረክ።

ለሐኪሞቹ፣ ለነርሶቹ፣ ጣቱን አንድ በአንድ እንደ ሕፃን ላለማመደችው ፊዚዮቴራፒስት፣ ቤታችንን በየተራ ለጠበቃችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ገንዘብ በፖስታ አድርጋችሁ ስማችሁን ሳትጽፉ በበሩ ሥር ያስገባችሁም አላችሁ። እናንተን የሚያውቃችሁ እሱ ነው፤ ብድራችሁን ይክፈል።

አሁን ለብቻዬ የያዝኩትን ልናገር። ለብዙ ዓመታት በቤተ ክርስቲያን ልጆች አስተምሬያለሁ። «አምላክህን እግዚአብሔርን በፍጹም ልብህ፣ በፍጹም ነፍስህ፣ በፍጹም ኃይልህ ውደድ» የሚለውን ዘዳግም 6፥5 ያላስጠናሁት ልጅ የለም። ለእኔ እግዚአብሔርን መውደድ ማለት በመዝሙር መሐል ደረት ላይ የሚሰማው ሙቀት ነበር። ያ ሙቀት በሦስተኛው ሳምንት ጥሎኝ ሄደ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። ስለዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል፣ እነሳለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ይጮሃል፣ እነሳለሁ። አንድ ሌሊት ትከሻውን ይዤ ሳገላብጠው፣ ከልቤ እንደተማረርኩበት ታወቀኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበት ሰዓት የለም። የጸለይኩትም ይህን ብቻ ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ ምንም አይሰማኝም። ግን ትራሱን አስተካክዬለታለሁ።» አሜን እንኳ አላልኩ።

በዚያ ሳምንት ነው አንዲት እናት የመጡት። ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል። ቁጭ አሉ፣ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ አስመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የባለቤቴን እግር ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ ያላስተዋልኩት የእግሩ ጥፍር አድጎ ሥጋውን ሊወጋ ደርሶ ነበር። አለሳልሰው፣ በትዕግሥት፣ አሥሩንም ቆረጡለት። ከዚያ በየጣቱ መሐል ያለውን እርጥበት በፎጣ አደረቁ፤ እዚያ መሐል እርጥበት ከቀረ እንደሚልጥ ያውቃሉ። አፍሬ «እማማ፣ አይጸየፉም?» አልኳቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ «ኧረ እጸየፋለሁ! መጸየፌን ግን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ሳቅን። ቃሉ ግን አልለቀቀኝም። ጌታ «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» ሲል (ዮሐንስ 14፥15) ምን እንደሚሰማን አልጠየቀም። ጴጥሮስንም ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠይቆ፣ በመለሰለት ቁጥር ያሳየው በጎቹን ነው። ዮሐንስም ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወደው እንዴት ይችላል ይላል። ይህን ጥቅስ ሁልጊዜ እንደ ተግሣጽ ነበር የማነበው። ዘንድሮ ዕረፍት ሆነኝ። ያላየሁትን መውደድ ሲያቅተኝ፣ የማየው ሰው እዚያው አልጋው ላይ ነበረና።

ያንኑ ዘዳግም 6 መልሼ ሳነብ ደግሞ ቁጥር 7 ላይ ስለ ቃሉ «በቤትህም ስትቀመጥ፣ በመንገድም ስትሄድ፣ ስትተኛም፣ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ተጫወተው! ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር እዚያች ቃል ላይ ቆሜ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከጌታ ጋር የማወራው አንሶላ ሳጥፍና መድኃኒት ስቆጥር ነው። ለረጅሙ ጸሎት አቅም አልነበረኝም፤ ለጨዋታ ግን አላነሰኝም።

አንድ ወገን መጥቶ «በቤታችሁ የተሰወረ ኃጢአት ቢኖር ነው» ብሎን ሄዷል። ደቀ መዛሙርቱም ስለ ዕውሩ ሰው ይህንኑ ጠይቀው ጌታ የመለሰላቸውን ዮሐንስ 9 ላይ ያንብብልን። ቂም የለንም።

የጸሎት ቡድናችን ማክሰኞ ማክሰኞ ቤታችን መሰብሰብ የጀመረው በሁለተኛው ወር ነው። ባለቤቴ ያን ጊዜ የእኔን ስም መጥራት አይችልም፤ «ውኃ» ማለት ያቅተውና በንዴት ትራሱን ይመታ ነበር። በመጀመሪያው ማክሰኞ መጨረሻ ላይ ሁላችሁም «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር» ስትሉ ከአልጋው በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ ተጨመረ። ዓይኔን ገለጥኩ። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» እያለ ነበር፣ ቃል ሳይዛነፍ። አሜን ካለ በኋላ ውኃ ሊጠይቅ ሞከረ፤ አልቻለም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያዋን ስጠይቃት፣ ይህ በግራ አንጎላቸው በተጎዱ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው አለችኝ። አዲስ ቃል መፈለግ ያቃተው ሰው በቃሉ የያዘውን ጸሎት፣ መዝሙር ወይም የአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠራ ሊዘልቀው ይችላል። ስለዚህ ተአምር ነው ብዬ አላስወራም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ባለቤቴ ያን ጸሎት ከልጅነቱ ጀምሮ ማታ ማታ ሲደግም፣ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ እየጣለው ነበር፤ እኔም «ከልብህ ካልሆነ ምን ይጠቅማል?» እያልኩ እተቸው ነበር። ይኸው፣ የራሱ ቃል ሁሉ ሲጠፋው የቀረለት ያ ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በደህና እጁ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝ።

አሁን በከዘራ ከአልጋ እስከ በረንዳ ይሄዳል። ቀኝ እጁ ገና ነው። በቀን ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ቃላት አሉት፤ ስሜ ከመጡት ውስጥ አምስተኛው ነው፣ ቅሬታ የለኝም። የሌሊቱ ተራ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይበቃናልና፣ ቅዳሜ ሌሊትን ይዛችሁ የነበራችሁ ሁለት ወንድሞች በሉ አሁን ተኙ፤ ለሚስቶቻችሁም አመስግኑልን።

ያዋሳችሁን ተሽከርካሪ ወንበር ታጥቦ፣ የግራ ጎማው ተጠግኖ በሩ አጠገብ ቆሟል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን። ወንበሩን እናመጣለን፤ ጥፍር መቁረጡንም ተምሬያለሁ።