ባዶዋ ወንበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ 7 ዓመት አለፈኝ። ደመወዝ የለውም፤ ወቀሳ ግን ሞልቷል።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት አባላችን ተነሣና «እሁዳችንን ለምን እናቃጥላለን? መዋጮውን በቴሌብር እንላክ፤ ቀብር የቀረም ቅጣቱን በዚያው ይክፈል፤ በቃ» አለ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። እውነቱን ልናገርና እኔም ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም ነበር። ደረሰኝ መቁረጥ፣ «የሐምሌን ከፍያለሁ» «አልከፈልክም» እየተባባሉ መነታረክ ሰልችቶኛል። ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

ዓምና ነው። አንድ ሽማግሌ አባላችን ሁለት ወር ተከታትሎ ከስብሰባ ቀረ። መዝገቡ ላይ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ልጁ ከአዲስ አበባ መዋጮውን በእድሩ የባንክ ሒሳብ ያስገባለታል። ሁልጊዜ የሚቀመጥባትን ጥግ አይታ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» ያለችው አንዲት እናት ናት። ከስብሰባው ተነሥተን ሄድን። ሰውዬው አልጋ ላይ ወድቋል፤ ልጁ እንዳይጨነቅበት ብሎ ለማንም አልተናገረም። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው። በእኔ መዝገብ ቢሆን ኖሮ «የተሟላ ከፋይ» እንደተባለ በሞተ ነበር።

የእድራችሁ ሀብት ምንድን ነው ብትሉን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ባንክ ያለች ጥቂት ብር እንላለን። ይኼ ሁሉ በገንዘብ ይገዛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሰው ሲሞትብህ የማንን በር እንደምታንኳኳ ማወቅ፣ ያ ሰውም ነጠላውን ጣል አድርጎ እንደሚወጣ እርግጠኛ መሆን ግን አይገዛም። ምሁራኑ ማኅበራዊ ካፒታል የሚሉት ይህንን ነው። ስለ እሱ ቀድመው ከጻፉት አንዱ ሊዳ ሃኒፋን የሚባል በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበር፤ ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1916። ሰውዬው ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው። ጎረቤታሞች መጀመሪያ ለወግና ለጨዋታ መገናኘት ይለምዳሉ፤ ለትምህርት ቤቱና ለመንገዱ አብረው የሚቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። የኛ ሰው ይህን ቡና ላይ ሲሠራው ኖሯል፤ ስም አላወጣለትም እንጂ።

እቁብንም እዩ። ሒርማታ መርካቶ ያለ ነጋዴ ዕጣው መጀመሪያ ቢወጣለት ብሩን ይዞ እንዳይጠፋ ምን ያግደዋል? ዋስ ይጠራል። ዋሱስ ለምን ይፈርማል? ስለሚያውቀው ነዋ! በየሳምንቱ አብሮት ስለተቀመጠ፣ ሲከስርም ሲያተርፍም ስላየው፣ ነገ ደግሞ እሱም ዋስ እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ነው። መተያየቱ ሲቀር ዋስነቱ ባዶ ፊርማ ይሆናል።

ግን እኛም ንጹሕ አይደለንም። እድር በቆየ ቁጥር ንብረቱ ይጨምራል፤ ንብረቱ ሲጨምር የአዲስ አባል መግቢያ ክፍያም አብሮ ይንራል። የኛ መግቢያ አሁን ለቀን ሠራተኛ የሚቀመስ አይደለም። በሰፈሩ ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየም ለሥራ መጥተው የተከራዩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። አንዱ ልጁ ሞቶበት ድንኳን ሲጠይቀን «አባል አይደለህም» አልነው። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ለነገሩ የሚተዋወቁትን የሚያጠብቅ ገመድና ወደማያውቁት የሚያሻግር ድልድይ ሁለት ነገር ነው። ገመዱ ሞልቶናል። ድልድዩም ቢሆን ጭራሽ የለም አልልም፤ እድራችን ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፣ መቃብራችን ለየብቻ ቢሆንም ድንኳኑ ሥር አንድ ላይ ነው የምንቀመጠው። ለተከራይ ሲሆን ነው ድልድዩ የሚሰበረው።

ስለዚህ እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መዋጮው በስልክ ይላክ፣ ይቅናን፤ እኔም ከደረሰኝ እገላገላለሁ። ስብሰባው ግን ይቆይ፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የቀረን ሰው በቅጣት ከማለፍ ሁለት አባላት ቤቱ ሄደው ይዩት። ተከራይም መግቢያውን በዓመት ከፋፍሎ ይክፈልና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድንኳኑ ይገባው። ወጣቱ «ጋሽዬ፣ ይኼ ሥራ ያበዛል» ይለኛል። ያበዛል፣ ልክ ነው።

ሌላ ከተማ ያላችሁ የእድር ጸሐፊዎች፣ እናንተ ጋ ተከራይን እንዴት እንደምታስተናግዱ በዚሁ ጋዜጣ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። የኛ ድምፅ አሰጣጥ የፊታችን እሁድ ነው። ሽማግሌውም እመጣለሁ ብሏል፤ ከዘራውን ይዞ።

የእድር ጸሐፊው፣ ከጅማ